ሃርድ ዲስክ የሌለው ላፕቶፕ፦ የራሳችሁን ሊኑክስ ከራም ብቻ ማስኬድ

ላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ የለውም። ነበረው። መጀመሪያ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፣ ቀጥሎ አንድ ፋይል ለመክፈት ደቂቃ ይፈጅበት ጀመር፣ በመጨረሻ ዝም አለ። ብሎኖቹን ፈትቼ አወጣሁት። አዲስ ልገዛ ስል ግን «ቆይ እስኪ፣ 8 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ዲስክ ምን ይሠራለታል?» አልኩ። ሁለት ዓመት አለፈ። ቦታው አሁንም ባዶ ነው።

ጠዋት ፍላሽ እሰካለሁ፣ ኮምፒውተሩን አበራለሁ፣ ከግማሽ ደቂቃ ትንሽ በላይ እጠብቃለሁ። ከዚያ ፍላሹን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ብሮውዘሩ፣ መጻፊያው፣ ተርሚናሉ፣ ሁሉም ነገር ይሠራል። ዲስክ የሚባል ነገር የለም፤ ማሽኑም ምንም የጎደለበት አይመስልም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ፍጥነቱን ነው። አዎ፣ ፈጣን ነው፤ ፕሮግራም ስትከፍቱ አያስጠብቅም። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዛሬ ያበላሸሁት ነገር ነገ ጠዋት የለም። የሠራሁትም እንዲሁ የለም፣ በእጄ «አስቀምጥ» ካላልኩት። ይሄን ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በደንብ ያዙት፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትዕዛዞቹን እዚህ የምጽፈው በአነባበባቸው ነው። ተርሚናል ላይ ያው በላቲን ፊደል ነው የምትጽፏቸው።

ነገሩ እንዴት ይሆናል?

ማንኛውም ሊኑክስ ሲነሳ ለትንሽ ሰከንድ ከራም ነው የሚኖረው። ግረብ የሚባለው አስነሺ ፕሮግራም ሁለት ነገር ወደ ራም ያመጣል፦ የሲስተሙ እምብርት የሆነውን ከርነሉንና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚባለውን ትንሽ የታመቀ ጥቅል። ከርነሉ ጥቅሉን ራም ላይ ይፈታና ውስጡ ያለውን ኢኒት የሚባል ፋይል ያስነሳል። በተለመደው አሠራር የዚህ ኢኒት ሥራ ዲስኩን ፈልጎ፣ ማውንት አድርጎ (እንደ ፎልደር እንዲታይ አገናኝቶ)፣ ቁልፉን አስረክቦ መሄድ ነው።

እኛ የምንለውጠው ይቺን ርክክብ ብቻ ነው። ኢኒት ዲስክ ከመፈለግ ይልቅ፣ ሙሉ ሲስተሙ የታመቀበትን አንድ ፋይል ከፍላሽ ወደ ራም ይቀዳል። ፋይሉ ስኳሽኤፍኤስ ይባላል። ታምቆ እንዳለ ይነበባል፣ አይጻፍበትም። መጻፍ እንዲቻል ከላዩ ባዶ የራም ፎልደር በኦቨርሌይኤፍኤስ ይደረብበታል። ስታነቡ ከታች ያለው ይታያችኋል፤ ስትጽፉ ከላይ ያርፋል። መስታወት ያለው ጠረጴዛ አስቡ፤ የምትጽፉት መስታወቱ ላይ ነው፣ እንጨቱ አይነካም።

ስኳሽኤፍኤስ ከርነሉ ውስጥ የገባው በ2009፣ ኦቨርሌይኤፍኤስ በ2014 ነው። ስለዚህ ዛሬ ምንም የተለየ ከርነል አያስፈልጋችሁም፤ ማንኛውም ስርጭት (እንደ ደቢያን ያለ የተዘጋጀ ሊኑክስ) ይዟቸው ይመጣል።

የራም ሂሳቡ እንዲህ ነው። የእኔ ሲስተም ቀላል ዴስክቶፕና ብሮውዘር ይዞ ሲፈታ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ሲታመቅ 640 ሜጋባይት። ራም ላይ ሁሌም የሚቀመጠው 640ው ነው፤ የሚፈታው የሚነበበው ቁራጭ ብቻ ነው። የቀረው ለፕሮግራሞችና ለምትጽፉት ነገር ነው። 8 ጊጋባይት ይበቃል፣ ይተርፋልም። 4 ላይ ብሮውዘር ሲበዛ ይጨንቃል። 2 ላይ ዴስክቶፑን ተዉት፣ በተርሚናል ብቻ የሚሠራ አድርጉት።

ሲስተሙን መገንባት

እኔ የምሠራው በደቢያን ነው። ሌላ የሚሠራ ሊኑክስ ያስፈልጋችኋል፣ ቨርቹዋል ማሽንም ይሆናል። ደቢያንን ፎልደር ውስጥ የሚገነባውን ዲቡትስትራፕንና ፎልደሩን የሚያምቀውን ስኳሽኤፍኤስ-ቱልስን ጫኑበት። አንድ ባዶ ፎልደር አዘጋጁና ዲቡትስትራፕን «ሚንቤዝ» በሚለው ምርጫ ወደዚያ ፎልደር አስሩጡት። ራቁቱን የሆነ ደቢያን ይሰጣችኋል።

በጣም ራቁቱን ነው፤ ኢኒት እንኳን የለውም። እኔ ይሄን ሳላውቅ የመጀመሪያውን ሙሉ ሲስተም ገንብቼ፣ አሽጌ፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ አስነሳሁት። «ኢኒት የለም» ብሎ ቀጥ አለ። ስለዚህ በቸሩት (ፎልደሩን ራሱን እንደቻለ ሲስተም አድርጎ በሚያስገባችሁ ትዕዛዝ) ወደ ፎልደሩ ስትገቡ መጀመሪያ የምትጭኑት ኢኒቱን የሚሰጣችሁን ሲስተምዲ-ሲስቪ ይሁን። ከዚያ ከርነሉን፣ ከዚያ ላይቭ-ቡት የሚባለውን ፓኬጅ። ፍላሽ ፈልጎ ወደ ራም የሚቀዳውን ሥራ በሙሉ የሚሠራላችሁ ይሄ ላይቭ-ቡት ነው።

ከቸሩት በፊት የማሽናችሁን ዴቭ፣ ፕሮክና ሲስ ፎልደሮች (ከርነሉ መሣሪያዎችንና ፕሮግራሞችን የሚያሳይባቸውን) በባይንድ ማውንት፣ ማለትም ያው ፎልደር ሌላ ቦታም እንዲታይ በማድረግ፣ ወደ ውስጥ ማሳየት ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ማንሳት። ማንሳቱን አትርሱ። አደራ።

እኔ ረስቼ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ምሽት «ይሄ ግንባታ አላማረኝም፣ ከዜሮ ልጀምር» ብዬ ፎልደሩን በመሰረዣው ትዕዛዝ፣ በአርኤም፣ ጠረግኩት። ዴቭ ገና ማውንት እንደሆነ ነበር። የተጠረገው የምሠራበት ማሽን ዴቭ ነው። የተከፈተው ተርሚናል ይሠራል፤ አዲስ ልክፈት ስል እምቢ አለ። ከዚያ ሁሉም ፕሮግራም ተራ በተራ «ዴቭ ናል የለም» እያለ መጮህ ጀመረ። ዴቭ ናል እኮ ማንም የማይፈልገውን ነገር የሚጥልበት ጉድጓድ ነው፤ ለካ ጉድጓዱ ራሱ ሲጠፋ ቤቱ ይናጋል። ደግነቱ ዴቭን ከርነሉ በተነሳ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚሠራው ሪስታርት ሳደርግ ሁሉም ተመለሰ። አሁን ከመጥረጌ በፊት ማውንት የሆነውን ሁሉ የሚዘረዝረውን ፋይንድማውንት የሚለውን ትዕዛዝ አስሮጥና ዝርዝሩን በዓይኔ አያለሁ።

የቀሩት ፓኬጆች እንደ ምርጫችሁ ናቸው። ሦስት ነገር ግን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ የዋይፋይ ፈርምዌር፣ ማለትም የዋይፋይ ካርዱ ራሱ የሚፈልገው ሶፍትዌር። ዲቡትስትራፕ በነባሪ የሚያውቀው «ሜይን» የሚባለውን ክፍል ብቻ ነው፤ ፈርምዌሩ ያለው «ነንፍሪ-ፈርምዌር» በሚባለው ውስጥ ስለሆነ የምንጮች ዝርዝር ላይ ራሳችሁ ጨምሩት። አለበለዚያ ዋይፋይ ለማግኘት ፋይል ማውረድ፣ ፋይሉን ለማውረድ ዋይፋይ ማግኘት ሊኖርባችሁ ነው። ሁለተኛ፣ የግዕዝ ፊደል። ሚንቤዝ ፎንት ይዞ አይመጣም፤ የአቢሲኒካን ፓኬጅ ካልጨመራችሁ አማርኛው ሁሉ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ሦስተኛ፣ የሩት የይለፍ ቃል ማውጣትና ለራሳችሁ ተጠቃሚ መፍጠር። ቀላል ይመስላል፤ ግን የሚረሳው እሱ ነው።

ከማሸጋችሁ በፊት አጽዱ። አፕት ክሊን በሉ (አፕት የደቢያን ፓኬጅ ጫኚ ነው)፣ የአፕት ዝርዝሮችን አጥፉ፣ የማሽኑ መለያ ያለበትን የማሽን-አይዲ ፋይል ባዶ አድርጉት እንጂ አትሰርዙት። ከዚያ ዴቭን፣ ፕሮክንና ሲስን አንስታችሁ ማመቂያውን፣ ሜክስኳሽኤፍኤስን፣ አስሩጡ። የቡት ፎልደሩን አውጡለት፤ ከርነሉ ለብቻው ፍላሽ ላይ ስለሚቀመጥ ሁለቴ መጫን አያስፈልግም።

ማመቂያውን መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ኤክስ-ዚን ይወዳል፣ ትንሹን ፋይል ስለሚያወጣ። እኔ ዜድ-ስታንዳርድን ነው የምመርጠው። ፋይሉ ትንሽ ይተልቃል፣ ግን ሲፈታ በጣም ፈጣን ነው፤ ደግሞ መፍታቱ አንዴ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፣ አዲስ ፕሮግራም በከፈታችሁ ቁጥር ነው። ፍላሻችሁ ዩኤስቢ 2 ከሆነና ማስነሻው ላይ መጠበቅ የሚያንገበግባችሁ ከሆነ ግን ኤክስ-ዚ ያዋጣል። ዩኤስቢ 2 በወረቀት 480 ሜጋቢት በሰከንድ ይባላል፤ በተግባር ከ30 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። የእኔ 640 ሜጋባይት ከ20 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት ለዚህ ነው።

ፍላሹ

ፍላሹን በፋት 32 ፎርማት አድርጉት። ላይቭ የሚባል ፎልደር ፍጠሩና ሦስት ፋይል አስገቡበት፦ ከርነሉን፣ ኢኒትራምኤፍኤሱንና የታመቀውን ፋይል። የታመቀውን «ፋይልሲስተም» ነጥብ «ስኳሽኤፍኤስ» ብላችሁ ሰይሙት። ግረብን «ሪሙቨብል» በሚለው ምርጫ ጫኑት፤ ያኔ ማንኛውም የዩኢኤፍአይ (የዘመናዊ ኮምፒውተሮች ማስነሻ) ማሽን የሚፈልገው ቦታ ላይ ይቀመጣል። የግረቡ ፋይል ውስጥ ከከርነሉ ስም ቀጥሎ ሁለት ቃል ጻፉ፦ «ቡት=ላይቭ» እና «ቱራም»። ሁለተኛዋ ናት ወደ ራም የምታስቀዳው። እሷን ከተዋችኋት ሲስተሙ ይነሳል፣ ግን ከፍላሹ ላይ ነው የሚኖረው፤ ነቅላችሁ ታዩታላችሁ።

«ቱራም» የሚቀዳው የታመቀውን ፋይል ብቻ አይደለም፣ ክፍልፋዩ ላይ ያለውን ሁሉ ነው። ቪዲዮ ካስቀመጣችሁበት ቪዲዮውም ራም ላይ ይወጣል። ስለዚህ ፍላሹን ለሁለት ክፈሉት፤ አንዱ ለሲስተሙ ብቻ፣ ሌላው ለፋይሎቻችሁ።

ሲነሳ ወዲያው አትንቀሉ። መጀመሪያ ፋይንድማውንት በሉና ፍላሹ ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን እዩ። ከሌለ ንቀሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስነቅለው እጄ ፈርቶ ነበር፤ ነቅዬም ትንሽ ጠበቅኩ፣ የሆነ ነገር እንዲፈነዳ። ምንም። ብሮውዘር ከፈትኩ፣ ተከፈተ። የልጅ ደስታ ነበር የተሰማኝ።

ኢኒቱን ራሳችሁ መጻፍ ከፈለጋችሁ

ላይቭ-ቡት ይበቃችኋል። እኔ ግን ውስጡ የሚሆነውን ማየት ስላማረኝ ዋና ዋናዎቹን ትዕዛዞች በአንድ ፋይል የያዘውን ቢዚቦክስን ይዤ የራሴን ኢኒት ጻፍኩ። ከ30 መስመር አይበልጥም፣ ያስተማረኝ ግን ብዙ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ፕሮክ፣ ሲስና ዴቭ ማውንት ይደረጋሉ። የሚያስፈልጉት ሞጁሎች (የከርነሉ ተጨማሪ ቁርጥራጮች) ይጫናሉ። ፍላሹ እስኪታይ ይጠበቃል፤ ዩኤስቢ ለመንቃት ጥቂት ሰከንድ ስለሚፈልግ በየሰከንዱ የሚሞክር ዙር አስገቡበት። ፍላሹን በዴቭ ስሙ ሳይሆን በሌብሉ (ራሳችሁ በሰጣችሁት መጠሪያ) ፈልጉት፤ የዴቭ ስሙ ከማሽን ማሽን ይለያያል። ፍላሹ ለንባብ ብቻ ማውንት ይሆናል። ቲኤምፒኤፍኤስ የሚባል የራም ፎልደር ይከፈታል፣ የታመቀው ፋይል ይቀዳበታል፣ ፍላሹ ይለቀቃል። የታመቀው ፋይል በሉፕ (ፋይልን እንደ ዲስክ በማሳየት) ማውንት ይሆናል፣ ኦቨርሌይ ይደረብበታል። መጨረሻ ላይ ወደ አዲሱ ሲስተም የሚያሻግረው ስዊች-ሩት።

እኔ ሁለት ሌሊት ያለቀብኝ ፍላሹን ማውንት ማድረግ ላይ ነው። የዩኤስቢው ሞጁል አለ፣ የፋቱ ሞጁል አለ፣ ፍላሹ በዝርዝር ይታያል። ማውንት ግን «ኢንቫሊድ አርጊውመንት» ብሎ ይመልሰኛል። ትዕዛዙን አሥር ዓይነት አድርጌ ጻፍኩት። ፍላሹን ቀየርኩ። ፎርማቱን ደገምኩ። በመጨረሻ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ዲሜሴጅን ማየት ትዝ አለኝ። አንድ መስመር ጽፎ ቁጭ ብሏል፦ ኮድፔጅ 437 አልተገኘም። ለካ ፋት የፋይል ስሞችን ለማንበብ የድሮ የፊደል ሠንጠረዥ ይፈልጋል፣ እሱም ራሱን የቻለ ሞጁል ነው። ኤንኤልኤስ ብለው የሚጀምሩትን ሞጁሎች ጨመርኩ፣ በአንዴ ገባ። ማውንት «ኢንቫሊድ» ሲላችሁ ከትዕዛዙ ጋር አትጨቃጨቁ፣ በቀጥታ ወደ ዲሜሴጅ ሂዱ።

ኦቨርሌይ ላይ ሁለት ባዶ ፎልደር ያስፈልጋል፦ የሚጻፍበት «አፐር» እና ራሱ የሚሠራበት «ወርክ»። ሁለቱም አንድ ቲኤምፒኤፍኤስ ውስጥ መሆን አለባቸው፤ ለየብቻ ካደረጋችኋቸው እምቢ ይላል።

ስዊች-ሩትን ደግሞ በ«ኤግዜክ» ጀምሩት። ኢኒት ቁጥር አንድ ፕሮሰስ ነው፤ እሱ ከሞተ ከርነሉ አብሮ ይደነግጣል። «ኤግዜክ» ማለት ስክሪፕቱ ሳይሞት ወንበሩን ለቀጣዩ ያስረክባል ማለት ነው። ስዊች-ሩት ሲሄድም የኢኒትራምኤፍኤሱን ፋይሎች ጠርጎ ራሙን ያስለቅቃል፤ ሩት ሆናችሁ ሌላ ቦታ ለሙከራ እንዳታስኬዱት።

አብሮ መኖር

ቲኤምፒኤፍኤስ መጠኑን ካልነገራችሁት የራሙን ግማሽ ነው የሚወስነው። ወዲያው አይወስደውም፣ እስከዚያ ድረስ ይፈቅዳል ማለት ነው። የሚሞላው ደግሞ ባላሰባችሁት ነገር ነው። የእኔን የሞላው አንድ የዲስክ ምስል (የአንድ ዲስክ ሙሉ ቅጂ) ነበር። 3 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል እንደ ድሮዬ ዳውንሎድስ ውስጥ ማውረድ ጀመርኩ። መሀል ላይ የማውዙ ቀስት መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀጥሎ ብሮውዘሩ ድርግም አለ። ዲስክ ሞላ አይደለም እዚህ ቤት፤ ፎልደሩ በሞላ ቁጥር ፕሮግራሞቹ የሚተነፍሱበት አየር ነው የሚያንሰው። ትልቅ ፋይል በቀጥታ ወደ ፍላሹ ሁለተኛ ክፍል አውርዱ።

የቀረውን ለማየት «ፍሪ» ስትሉ «አቬይለብል» የሚለውን ዓምድ ብቻ እዩ። ቲኤምፒኤፍኤስ «ካሽ» (ጊዜያዊ ቅጂ) ከሚለው ጋር ተደምሮ ነው የሚታየው፤ ካሽ ነው ብላችሁ እንደ ትርፍ እንዳትቆጥሩት።

የሲስተሙን መዝገብ፣ ጆርናሉን፣ «ቮላታይል» (ራም ላይ ብቻ የሚቀመጥ) አድርጉትና ጣሪያ አብጁለት። የብሮውዘሩን የዲስክ ካሽ ዝጉ፤ ዲስኩ ራሱ ራም ስለሆነ ሁለት ጊዜ ነው የምትከፍሉት። ዜድ-ራምንም አብሩ። ራም ውስጥ የታመቀ ስዋፕ (ራም ሲያጥር የሚያገለግል መጠባበቂያ) ይፈጥራል፣ 4 ጊጋባይት ላላቸው ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። ሰስፔንድ (ማሽኑን ማስተኛት) ይሠራል፣ ራሙ መብራት እስካገኘ ድረስ። ሃይበርኔት (ራሙን ዲስክ ላይ ጽፎ ማጥፋት) የለም፣ የሚጻፍበት ዲስክ ስለሌለ። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት የጻፍኩትን ጽሑፍ ክፍት ትቼ ክዳኑን ዘጋሁት። ቻርጀሩ የተሰካ መስሎኝ ነበር። ስመለስ ባትሪው አልቋል። «ሴቭ» አድርጌዋለሁ እኮ! አዎ፣ ራም ላይ። ደጋግሜ ሴቭ ያደረግኩት ፋይል ከነመቶ ሃያ ዘጠኝ እርማቱ ሄደ።

ላይቭ-ቡት ለዚህ «ፐርሲስተንስ» የሚል መፍትሔ አለው፤ አንድ ክፍልፋይ ትሰጡታላችሁ፣ የመረጣችሁት ፎልደር እዚያ ይጻፋል። እኔ አልወደድኩትም፤ ፍላሹ ሁሌ መሰካት አለበት፣ ቆሻሻውም አብሮ ይቀመጣል። የእኔ መንገድ አንድ አጭር ስክሪፕት ነው። አራት ነገር ብቻ በታር ጠቅልሎ ወደ ፍላሹ ሁለተኛ ክፍል ይጽፋል፦ የጽሑፎቼን ፎልደር፣ የብሮውዘሩን ቡክማርክ፣ ሌላ ማሽን ውስጥ የምገባባቸውን የኤስኤስኤች ቁልፎቼን፣ የዋይፋይ ይለፍ ቃሎችን። ጥቅሉን በይለፍ ቃል ይቆልፈዋል፤ ፍላሽ የሚጠፋ ነገር ነው። ሲነሳ ሌላ ስክሪፕት መልሶ ይፈታዋል። በኪቦርድ አቋራጭ አስሬዋለሁ፣ ከባትሪው ቀን ወዲህ ጣቴ ሳላስበው ይጫነዋል።

ይሄን ሁሉ መገንባት የማይፈልግ ሰው አልፓይንን ይሞክር። «ዲስክለስ» የሚባል አሠራር አለው፤ «ኤልቢዩ ኮሚት» ስትሉት የቀየራችሁትን ብቻ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። የእኔም ስክሪፕት ሐሳቡ የተሰረቀው ከዚያ ነው። ታይኒ ኮርም አለ፣ በጣም ትንሽ ነው፣ ግን የራሱ ዓለም ነው።

ራም ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል ብላችሁ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አትመኩ። ተመራማሪዎች በ2008 እንዳሳዩት፣ ራም መብራት ከተቋረጠበት በኋላ ለሰከንዶች፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ለደቂቃዎች ውስጡ ያለውን ይዞ ይቆያል። ለእኔ ዓይነቱ ተራ ሰው አያሳስብም። ምስጢር የምትይዙ ከሆነ አጥፍታችሁ ወዲያው ከማሽኑ አትራቁ።

የሚቀረው ማዘመን ነው። አፕት አፕግሬድ ብትሉ ይሠራል፣ ማታ ግን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የግንባታ ፎልደሩን አትጣሉት። እኔ በወር አንዴ፣ ብሮውዘሩ ከባድ ቀዳዳ ተገኘበት ሲባል ደግሞ በዚያው ቀን፣ በቸሩት እገባለሁ፣ አዘምናለሁ፣ እንደገና አሽጋለሁ። አዲሱን የምጽፈው በሌላ ፍላሽ ላይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም፤ «ቱራም» ሁለቱንም ይዞ ራም ላይ ይወጣል። አዲሱ ለሁለት ሦስት ቀን በደንብ ከሠራ አሮጌው መሳቢያ ይገባል፣ ጀርባው ላይ ቀኑ የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎበት። በሚቀጥለው ወር የሚጻፍበት እሱ ነው።